ከጎንደር እስከ ጅግጅጋ፦ በሁለት ተራራቂ የክልል አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀትና የጉዞ ጊዜ እንዴት ማስላት ይቻላል

ከጎንደር ጅግጅጋ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ያስኬዳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ወደ አንድ ሰዓት ተኩል» የሚል ነው። መልሱን የሰጠው የኢንተርኔት የርቀት ማስያ ከሆነ ቁጥሩ በስሌት ረገድ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በዚህ ቁጥር ተማምኖ ጠዋት ከጎንደር ተነሥቶ ጅግጅጋ ምሳ ለመብላት ቀጠሮ የያዘ ሰው ምሳውን የሚበላው ቦሌ ተቀምጦ ነው። ማስያው የሚነግረን በሁለት ነጥቦች መካከል የተዘረጋውን ቀጥታ መስመር ሲሆን፣ መንገደኛው ግን የሚጓዘው በረራው በሚሄድበት መስመር፣ በቲኬቱ ላይ በተጻፈው ሰዓትና ሻንጣው በሚደርስበት ፍጥነት ነው። ይህ ጽሑፍ ከማስያው ቁጥር ተነሥቶ ከቤት ወጥቶ ቤት እስከ መድረስ ያለውን እውነተኛ ጊዜ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል፣ የጎንደሩን አፄ ቴዎድሮስና የጅግጅጋውን ገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያዎች ምሳሌ አድርጎ ያሳያል። ዘዴው ከሑመራ አርባ ምንጭ፣ ወይም ከአሶሳ ሰመራ ለሚሄድ ሰውም ይሠራል።

ቀጥታውን የአየር ርቀት በእጅ ማስላት

የመጀመሪያው ሥራ የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ማግኘት ነው። በስልክ ካርታ ላይ ማረፊያውን ጣት አስነክቶ በመያዝ ሁለቱ ቁጥሮች ይገኛሉ። እዚህ ላይ ጣትን የሚያሳርፉት በከተማው ስም ላይ ሳይሆን በማኮብኮቢያው ላይ መሆን አለበት፤ የጎንደር ማረፊያ ያለው ከከተማዋ በስተደቡብ አዘዞ ነው፣ የጅግጅጋውም ከከተማዋ በስተምሥራቅ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ ብሎ ይገኛል። ቁጥሮቹ ለጎንደር 12.52 ዲግሪ ሰሜን እና 37.43 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ለጅግጅጋ ደግሞ 9.33 ዲግሪ ሰሜን እና 42.91 ዲግሪ ምሥራቅ ናቸው።

አንዳንድ ካርታዎችና የአቪዬሽን ሰነዶች እነዚህን ቁጥሮች በዲግሪና በደቂቃ ስለሚጽፏቸው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጎንደር ኬክሮስ በዚያ አጻጻፍ 12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ነው፤ ይህን 12.31 ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 31 ለ60 ተካፍሎ 0.52 ይሆናል። ይህችን ማካፈል የዘለለ ሰው ማረፊያውን ከእውነተኛው ቦታ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ያወርደዋል።

አሁን ልዩነቶቹን እንቀንስ። በኬክሮስ 12.52 ሲቀነስ 9.33 ውጤቱ 3.19 ዲግሪ ነው፤ በኬንትሮስ ደግሞ 42.91 ሲቀነስ 37.43 ውጤቱ 5.48 ዲግሪ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በየትኛውም የምድር ክፍል 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 3.19 በ111 ተባዝቶ 354 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ይህም ጅግጅጋ ከጎንደር ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደምትርቅ ያሳያል። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ ወደ ዋልታዎቹ በሄድን ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ በአማካዩ ኬክሮስ ኮሳይን (በስልክ የሒሳብ ማስያ ላይ cos በሚለው ቁልፍ የሚገኘው ቁጥር) ማባዛት ያስፈልጋል። የሁለቱ ማረፊያዎች አማካይ ኬክሮስ ወደ 10.9 ዲግሪ ነው፤ ኮሳይኑም 0.982 ነው። ስለዚህ 5.48 በ0.982 ከዚያም በ111 ሲባዛ 597 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ይሆናል።

የቀረው የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ያሉት ሁለት ርቀቶች የአንድ ቀጤ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ጎኖች ናቸው፣ የምንፈልገው ደግሞ ትልቁን ጎን ነው። 354 እና 597 እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ከተደመሩ በኋላ የድምሩ ስኩዌር ሩት ሲወሰድ 694 ኪሎ ሜትር ይገኛል። የኢንተርኔት ማስያዎች የምድርን ክብነት ባገናዘበ ረዘም ያለ ቀመር ሠርተው የሚያወጡት ቁጥር 695 አካባቢ ነው፤ ልዩነቱ ከአንዱ የማኮብኮቢያ ጫፍ እስከ ሌላው እንኳ አይደርስም። ይህ ቀላል ዘዴ እንዲህ ተቀራራቢ ውጤት የሚሰጠው አገራችን ከምድር ወገብ ብዙም ስላልራቀች ነው። በኢትዮጵያ ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ ኮሳይኑ ከ0.96 በታች ስለማይወርድ፣ ኮሳይኑን ጨርሶ የረሳ ሰው እንኳ ብዙ አይጎዳም። ከስቶክሆልም ወደ ሌላ የሰሜን ከተማ የሚያሰላ ወገናችን ግን ኮሳይኑን ከዘለለ ቁጥሩ ከእጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

የአቪዬሽን ባለሙያዎች ርቀትን የሚናገሩት በባሕር ማይል ነው፤ አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። ስለዚህ አብራሪው በድምፅ ማጉያ ወይም አንድ ድረ ገጽ በጽሑፍ «375 ማይል» ቢል፣ ያው 695 ኪሎ ሜትራችን ነው። በመኪና ማይል፣ ማለትም በ1.609 ኪሎ ሜትር ያባዛ ሰው ግን ወደ 90 ኪሎ ሜትር ያጎድላል።

አውሮፕላኑ የሚሄድበት መንገድ

ከጎንደር ተነሥቶ አዲስ አበባን ሳይነካ ጅግጅጋ የሚያርፍ የመንገደኛ በረራ መጠበቅ አይገባም። የአገር ውስጥ በረራ እንደ ሸረሪት ድር ሳይሆን እንደ ጋሪ መንኮራኩር ነው፤ ቦሌ መሐል ላይ ሆኖ ሁሉም ዘንጎች ወደ እርሱ ይገባሉ። ምክንያቱም ቀላል ነው። ከጎንደር ጅግጅጋ የሚሄደው ሰው በየቀኑ ከ70 በላይ ወንበር ያለውን አውሮፕላን አይሞላም፤ ቦሌ ላይ ግን ከጎንደር፣ ከመቀሌ፣ ከጅማና ከውጭ አገር የመጣው ሰው ተሰብስቦ የጅግጅጋውን በረራ ይሞላዋል። የሰሜኑ ታሪካዊ መስመር ከዚህ ወጣ ይላል፤ በዚያ በኩል አንድ አውሮፕላን ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እያያያዘ የሚሄድበት ጊዜ ስላለ፣ ቲኬት ሲቆረጥ በረራው በመካከል ሌላ ቦታ ያርፍ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ተጨማሪ ማረፊያ፣ ርቀቱ ምንም ያህል አጭር ቢሆን፣ ወርዶ፣ አራግፎ፣ ጭኖ እስኪነሣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ ትክክለኛው ስሌት ሁለት መስመሮችን ለየብቻ ማስላትን ይጠይቃል። ቦሌ በ8.98 ዲግሪ ሰሜንና በ38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል። ከላይ ባየነው ዘዴ ከጎንደር ቦሌ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቦሌ ጅግጅጋ ደግሞ 454 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ በድምሩ 874 ያህል ነው። በቀጥታ ቢሆን ኖሮ 695 ይሆን የነበረው መንገድ በሩብ ያህል ረዘመ ማለት ነው። ርቀቱ በሩብ ቢረዝምም ጊዜው የሚረዝመው ግን በብዙ እጥፍ ነው፤ ምክንያቱንም ቀጥለን እናየዋለን።

በእነዚህ መስመሮች ላይ በብዛት የሚያገለግለው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። ይህ አውሮፕላን በከፍታ ላይ በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር መብረር ይችላል፤ ለስሌት ግን በሰዓት 600 ብሎ መያዝ ይሻላል፤ ምክንያቱም አንደኛ ከሙሉ ፍጥነቱ በታች የሚበርበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ 600 ማለት በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለአእምሮ ይመቻል። በዚህ ላይ ሞተር አስነሥቶ ወደ ማኮብኮቢያው ለመሄድ፣ ወደ ላይ ለመውጣት፣ ወደ ታች ለመውረድና ለማረፊያ ተራ ለመጠበቅ 25 ደቂቃ ይደመራል። ሕጉ ይኸው ነው፦ ኪሎ ሜትሩን ለ10 አካፍሎ 25 መደመር። ከጎንደር ቦሌ 42 ሲደመር 25፣ ማለትም 67 ደቂቃ፤ ከቦሌ ጅግጅጋ 45 ሲደመር 25፣ ማለትም 70 ደቂቃ። ለማመሳከር ያህል ከቦሌ ባሕር ዳር 333 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 58 ደቂቃ ይሰጠናል፤ ወደ ባሕር ዳር የተመላለሰ ሰው ሁሉ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ እንደሚወስድ ያውቃል።

በምትኩ የተመደበው ቦይንግ 737 ቢሆን ፍጥነቱ በደቂቃ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ነገር ግን እንዲህ ባለ አጭር መንገድ ላይ ጄቱ ከፍታው ላይ ደርሶ በሙሉ ፍጥነቱ ሳይጠግብ መውረድ ስለሚጀምር የሚተርፈው ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። የአውሮፕላኑን ዓይነት ለመምረጥ ሲሉ ሰዓት የሚቀይሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ለእግር ስፋት ከሆነ ይሁን፣ ለጊዜ ግን አያዋጣም። ነፋስም እንዲሁ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢመጣ የጅግጅጋው በረራ 49 ደቂቃ፣ ከኋላ ቢገፋ 43 ደቂቃ በአየር ላይ ይቆያል፤ ልዩነቱ 6 ደቂቃ ብቻ ነው። በአገር ውስጥ ጉዞ ሰዓት የሚበላው ሰማዩ ሳይሆን መሬቱ ነው።

በቲኬት ላይ ያለውን ሰዓት ማንበብ

ይህን ክፍል የማስረዝመው በራሴ ቤት ስለ ደረሰ ነው። እናቴ የምትኖረው ጎንደር ነው፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ በሥራ ምክንያት ጅግጅጋ ገብታ እዚያው ቤት መሠረተች። እህቴ ስትወልድ፣ እናቴ ሄዳ እንድታርሳት ቲኬት ቆርጬ በስልክ ላክሁ። የመነሻው ሰዓት 08:25 ይላል። ወንድሜ አየና «ስምንት ከሃያ አምስት ነው፣ ምሳ በልተን እንወጣለን» አላት። በርበሬው፣ ቅቤውና የገንፎው ዱቄት በካርቶን ታስሮ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አዘዞ ሲደርሱ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ቲኬቱን አይቶ፣ «እማማ፣ ይህ እኮ ጠዋት ሄዷል» አላቸው። አውሮፕላኑ ከተነሣ አራት ሰዓት ሆኖት ነበር። ስሕተቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነው፤ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፌ መላክ ነበረብኝ።

በቲኬት ላይ የሚታተመው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 የሚቆጠረው ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ወደ እኛ ለመቀየር 6 መቀነስ ነው፤ 08:25 ሲቀነስ 6 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ25 ይሆናል፣ 13:00 ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከ18 በላይ ከሆነ 18 ይቀነሳል፤ 20:15 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ነው። ከ6 በታች ከሆነ ደግሞ 6 ይደመራል፤ 05:45 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ45 ነው። ውጤቱ 0 ሰዓት ከሆነ 12 ተብሎ ይነበባል። አደጋው የሚበዛው ከ07:00 እስከ 11:59 ባሉት ሰዓቶች ላይ ነው፤ እነዚህ ቁጥሮች በእኛም አቆጣጠር የቀን ሰዓት ሊመስሉ ስለሚችሉ አንባቢው አይጠረጥርም። 17:40 ያየ ሰው ግን በእኛ ሰዓት 17 የሚባል ስለሌለ ቆም ብሎ ያስባል።

ቀኑም የራሱ ወጥመድ አለው። በቲኬቱ ላይ ያለው ቀን የፈረንጆች መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ብዙዎች የሚረሱት ግን የፈረንጆች ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መሆኑን ነው። ማርች 15 በ01:30 የሚነሣ በረራ በእኛ አነጋገር መጋቢት 5 ለ6 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስለዚህ ከቤት የሚወጣው ማርች 14 ማታ ነው። የአገር ውስጥ በረራ በዚህ ሰዓት ባይኖርም፣ ከውጭ የሚመጣና ወደ ውጭ የሚሄድ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። «ለእገሌ ቀን አጥቢያ» የሚለው የቆየ አነጋገራችን ለዚህ የሚሆን ነውና፣ ሰዓት ስንነግር ብንጠቀምበት ብዙ ሰው ከመቅረት ይድናል።

ከውጭ ለሚመጣ ሰው ሌላም ነገር ይጨመራል። ቲኬቱ የመነሻውን ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻውን በመድረሻው አገር ሰዓት ስለሚጽፍ ሁለቱን ብቻ ቀንሶ የበረራ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። ለምሳሌ ከዋሽንግተን በ11:00 ተነሥቶ ቦሌ በማግስቱ በ07:00 የሚገባ በረራ ሲቀናነስ 20 ሰዓት ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ስለምትቀድም እውነተኛው የአየር ጊዜ 12 ወይም 13 ሰዓት ነው። ከቴል አቪቭ ጎንደር የሚሄድ ሰው ደግሞ በእስራኤል የክረምት ሰዓት የአንድ ሰዓት ልዩነት ይገጥመዋል፣ በበጋው ግን ሁለቱ አገሮች እኩል ናቸው።

ቦሌ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ

ከጎንደር የመጣው አውሮፕላን ሲያርፍና የጅግጅጋው ሲነሣ መካከል ያለው ክፍተት የጠቅላላ ጉዞውን ርዝመት የሚወስነው ዋናው ቁጥር ነው። የርቀት ማስያዎች ፈጽሞ የማያውቁት፣ የቲኬት ሻጮችም ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህንኑ ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ከተቆረጡና ሁለቱም የአገር ውስጥ ከሆኑ ከ1 ሰዓት ተኩል ያላነሰ ክፍተት ይበቃል እላለሁ፤ በክረምት ግን 2 ሰዓት ተኩል ቢሆን እመርጣለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት ቦሌ ላይ ጉም ሊተኛ ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጎንደር በኩል ደመናው እየወፈረ ነጎድጓድ ያመጣል። የደጋው ዝናብ ልማዱ ከቀትር በኋላ ማየል ስለሆነ ከጎንደር የሚነሡትን የረፋድ በረራ ማድረጉ ብልህነት ነው። የሌሊት መብራት በሌላቸው የክልል ማረፊያዎች ደግሞ ከቀትር በኋላ ያለ በረራ ብዙ ከዘገየ ጀንበር ትቀድመውና ለማግስቱ ሊተላለፍ ይችላል፤ የቀኑን የመጨረሻ በረራ አለመምረጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሁለቱን በረራዎች ለየብቻ በሁለት ቲኬት የቆረጠ ሰው ከ3 ሰዓት በታች ክፍተት መያዝ የለበትም። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጠው በአንድ ቲኬት የተጓዘውን ሰው አየር መንገዱ ወደ ቀጣዩ በረራ ያዛውረዋል፤ ቲኬቱን ለያይቶ የገዛው ሰው ግን ሁለተኛውን ያልተጠቀመበት በራሱ ጥፋት እንደሆነ ይቆጠርበታል። ሻንጣውንም ቦሌ ላይ ተቀብሎ፣ ወጥቶ፣ እንደ አዲስ ተሰልፎ ማስመዘን ይኖርበታል። ከውጭ አገር ገብቶ ወደ ክልል የሚቀጥል መንገደኛም፣ ቲኬቱ አንድ ቢሆን እንኳ፣ የፓስፖርት፣ የሻንጣና የጉምሩክ ሰልፍ ስለሚጠብቀው 3 ሰዓት ቢይዝ አይጸጸትም።

በአንድ ቲኬት የሚሄድ ሰው አዘዞ ላይ ሻንጣውን ሲያስረክብ በእጀታው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ማንበብ አለበት። በትልቁ የሚጻፉት ሦስት ፊደሎች የመጨረሻውን መድረሻ ያመለክታሉ፤ የጅግጅጋው ምልክት ጄ-አይ-ጄ ነው። ኤ-ዲ-ዲ ብቻ ከሆነ ሻንጣው ቦሌ ላይ ይቀራል ማለት ነው፤ ወዲያውኑ መጠየቅ ይገባል። በመመለሻ ጉዞ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ መመሳሰል አለ፤ የጎንደር ምልክት ጂ-ዲ-ኪው ሲሆን በዚያው በሶማሌ ክልል የምትገኘው የጎዴ ምልክት ጂ-ዲ-ኢ ነው። በአንዲት ፊደል የሚለያዩት እነዚህ ሁለት ማረፊያዎች እርስ በርሳቸው ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። በስልክ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ጣቱ አንዲት ፊደል ከሳተች ጎንደር ይሄዳል የተባለው መንገደኛ ዋቢ ሸበሌ ዳር ሊገኝ ይችላል። የርቀት ማስያም ላይ እንዲሁ ነው፤ ከጎንደር ጅግጅጋ ብለው ጽፈው 380 ገደማ ከመጣ፣ ማስያው ያሰላው ከጎዴ ጅግጅጋ ነው።

ከደጅ እስከ ደጅ

አሁን ቁጥሮቹን እንሰካካ። በረራው ከጎንደር በ08:25 ተነሥቶ ቦሌ በ09:35 ይገባል፤ የጅግጅጋው በ13:00 ተነሥቶ በ14:10 ያርፋል እንበል። ሰዓቶቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸውና የወቅቱን መርሐ ግብር አይተኩም። ማረፊያው መድረስ ያለብን ከ2 ሰዓት በፊት በመሆኑ ከጠዋቱ 12፡25 አዘዞ እንገኛለን፤ ከቤት እስከ አዘዞ በታክሲ 40 ደቂቃ ከያዝን ከሌሊቱ 11፡45 ከቤት መውጣት አለብን። ቦሌ 3፡35 ገብተን እስከ 7 ሰዓት፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ እንቆያለን። ጅግጅጋ 8፡10 አርፈን ሻንጣ እስኪወጣ 30 ደቂቃ፣ ወደ ከተማ ለመግባት 25 ደቂቃ ሲጨመር ከቀኑ 9፡05 የእህቴን በር እናንኳኳለን። ጠቅላላው 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ በአውሮፕላን ያለፈው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ የቀረው 7 ሰዓት በምድር ላይ ነው። በቀጥታ የሚሄድ በረራ ቢኖር ኖሮ በሕጋችን መሠረት 69 ሲደመር 25፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ያየነው የማስያው መልስ ከዚህ የመጣ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በመኪና ያለው መንገድ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን፣ ደብረ ማርቆስንና የዓባይን በረሃ አልፎ አዲስ አበባ ይገባና በአዋሽ፣ በሐረርና በባቢሌ በኩል ጅግጅጋ ይደርሳል። ርዝመቱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ የቀጥታውን የአየር ርቀት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ሌሊት የማይነዳበት መንገድ ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መያዝ ያስፈልጋል፤ የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሣት በፊት ከዚያው ካሉ ሾፌሮች መጠየቅ ግድ ነው።

የጅግጅጋ በረራ ሰዓቱ ካልተመቸ ወይም ከሞላ ግን መካከለኛ መንገድ አለ። ከቦሌ ድሬ ዳዋ 343 ኪሎ ሜትር፣ በሕጋችን 59 ደቂቃ ነው። ከድሬ ዳዋ በሐረር በኩል ጅግጅጋ ድረስ ወደ 160 ኪሎ ሜትር የአስፋልት መንገድ ስላለ 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ቦሌ ላይ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመጠበቅ በድሬ ዳዋ መሄድ ሊያዋጣ ይችላል። መንገዱም የሚሰለች አይደለም፤ ከባቢሌ ወዲያ የዳካታ ሸለቆ አንዱ በአንዱ ላይ የተቆለሉ ድንጋዮች ይታያሉ፣ የካራማራ ተራራ ሲታለፍ ደግሞ የጅግጅጋ ሜዳ ወለል ይላል። በጎንደር በኩልም ባሕር ዳር ተመሳሳይ ምትክ ናት፤ በሁለቱ መካከል ያለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሽማግሌና ሻንጣ ለበዛበት ሰው ግን አንድ መውረድና አንድ መጫን በተጨመረ ቁጥር ድካሙ በቁጥር ከሚታየው በላይ ስለሆነ፣ ለእናቴ የድሬ ዳዋውን መንገድ አልመርጥላትም።

የሚመዘነው ሻንጣ ራሱ በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። በአገር ውስጥ በረራ የሚፈቀደው ክብደት ከውጭው በረራ ያነሰ ስለሆነ፣ በርበሬና ቅቤ ያሰረ ሰው በሚዛኑ ፊት ቆሞ ካርቶን እየፈታ የሚያጠፋው ጊዜ 20 ደቂቃ ቢሆን አያስገርምም። ቅቤው በደንብ ረግቶ በዕቃ ታሽጎ በሚመዘነው ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ፣ ሚዛኑም ቤት ውስጥ ወይም ሰፈር ካለ ሱቅ ቀድሞ እንዲታይ ማድረግ ያን ጊዜ ያተርፋል።

እናቴ በሁለተኛው ሙከራ በሰላም ደርሳለች። ያን ጊዜ ቲኬቱን በስልክ ከመላክ ሌላ በእስክሪብቶ በትልቁ የተጻፈ ወረቀት በጎረቤት ልጅ እጅ አድርሼላት ነበር፤ እስካሁንም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አስቀምጣዋለች። በወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነበር፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ45 ከቤት መውጣት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ25 ከአዘዞ መነሣት። 3 ሰዓት ከ35 ቦሌ፤ ሻንጣ አትጠብቂ፣ ከሕንፃው አትውጪ፣ የጅግጅጋ በር የት ነው ብለሽ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጠይቂ። ከቀኑ 7 ሰዓት መነሣት። 8 ሰዓት ከ10 ጅግጅጋ፤ ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ፣ ልጅሽ በር ላይ ትጠብቅሻለች።»